ስለ ኮምፒዩተር ሥራ አስተማማኝነትና ደኅንነት መለኪያ፤ ከቆሼ እስከ ቱሉ ፋራ

መግቢያ

በአገራችን በመጋቢት ወር መጀመሪያ ቀኖች የደረሱ ሦስት ነገሮች አሉ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ፤ ሕይወታቸው ያለፈው ከ110 በላይ ነበሩ። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፋራ በተባለው ቦታ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮምፒዩተር በሒሳባቸው ውስጥ ለሌለ ገንዘብ ለብዙ ሰዎች ሲከፍል ቈየ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የኮምፒዩተር ጕዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው ግን አይደለም፤ ቆሼን የናደው ስበት እንጂ ፕሮግራም አልነበረም። ቢሆንም የሦስቱም ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም «ደኅና ነው» የተባለው በምን ተመዝኖ ነበር? የሚል ነው። ኮምፒዩተር በዐይን የማይታይ ነገር ስለ ሆነ ስለ እርሱ የሚነገረውን ቍጥር ለመመርመር ያስቸግራል። የቆሻሻ ተራራ ግን ለሁሉ ይታያል። ስለዚህ በሚታየው ጀምረን ወደማይታየው ብንሄድ ነገሩ ይቀልልናል፤ አባቶቻችንም «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ።

የዚህ ጥናት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የደኅንነት መለኪያ የሚሠራው ለተለካው ነገር ብቻ ነው። የተለካው ነገር ከተለወጠ፣ ቢያድግ፣ ቢታደስ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር፣ የቀድሞው ልክ ዋጋ የለውም። ሦስቱም አደጋዎች የደረሱት ልኩ በነበረበት ቆሞ ነገሩ ግን በተለወጠ ጊዜ ነው።

ሀ፤ የሁለቱ ቃላት ልዩነት

አስተማማኝነትና ደኅንነት በተለምዶ እንደ አንድ ይነገራሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። አስተማማኝነት ማለት አንድ መሣሪያ የታዘዘውን ሥራ፣ በተወሰነለት ሁኔታና ጊዜ፣ ሳያቋርጥ መሥራቱ ነው። ደኅንነት ማለት ግን ቢሠራም ቢቆምም ሰውን አለመጕዳቱ ነው። መብራት በጠፋ ቍጥር የሚቆም ሊፍት አያስተማምንም፤ ሆኖም በሰው ላይ አይወድቅም። በሩ ሳይዘጋ የሚነሣ ሊፍት ግን አንድም ቀን ሥራ ሳያቋርጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

ኮምፒዩተር ሲሆን ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጐላል። የብረት ዕቃ አደጋ የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ሲሰበር ነው። ፕሮግራም ግን ሳይሰበር፣ የታዘዘውን ልክ እንደ ታዘዘው ፈጽሞ፣ አደጋ ሊያደርስ ይችላል፤ ስሕተቱ በትእዛዙ ውስጥ ነውና። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የሆኑት ናንሲ ሌቨሰን ስለ ኮምፒዩተር ደኅንነት በጻፏቸው መጻሕፍት አጥብቀው የሚያስረዱት ይህንኑ ነው።

ለ፤ ቍጥሩ ከየት መጣ?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1946 በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሒሳብ መኪና ወደ 18,000 የሚጠጉ እንደ ሬዲዮ አምፖል ያሉ ቫልቮች ነበሩት። አንዱ በተቃጠለ ጊዜ ሥራው ይበላሽ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የአስተማማኝነት መለኪያ ቀላል ነበር፤ ከአንዱ ብልሽት እስከ ሚቀጥለው ብልሽት በአማካይ ስንት ሰዓት ያልፋል? የሚል ነው። ይህ መለኪያ አርጅቶ ለሚበላሽ ነገር ሁሉ፣ ለአምፖልም ለጎማም ለሞተርም፣ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ፕሮግራም ግን አያረጅም፤ ስሕተቱ አብሮት የተወለደ ነው። ስሕተቱን የሚቀሰቅሰው ሁኔታ እስኪመጣ ድረስ ተደብቆ ይኖራል። ይህንን ለመለካት የአቪዬሽን ባለሥልጣኖች ሌላ መንገድ አበጁ። መጀመሪያ የብልሽቱን ጕዳት በደረጃ ይከፍላሉ፤ ቀጥሎ ለየደረጃው የሚፈቀደውን ዕድል ይወስናሉ። አይሮፕላኑን ከነሰዎቹ የሚያጠፋ ብልሽት ከ1 ቢሊዮን የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ይደርሳል ተብሎ የማይጠበቅ መሆን አለበት። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል ከ10 ሚሊዮን ሰዓት አንድ፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ከ100 ሺህ ሰዓት አንድ ይፈቀዳል።

አንባቢው እዚህ ላይ ልብ ይበል። 1 ቢሊዮን ሰዓት ማለት ከ114,000 ዓመት በላይ ነው። መቶ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ቆመው ቀንና ሌሊት ቢፈተኑ እንኳ ከ1,100 ዓመት በላይ ይፈጃል። እንግዲህ ይህ ቍጥር ተፈትኖ የተገኘ ሊሆን አይችልም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በሎንዶን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቤቭ ሊትልዉድና ሎሬንዞ ስትሪጂኒ፣ በአሜሪካ የኅዋ ድርጅት ደግሞ በትለርና ፊኔሊ የተባሉ ሊቃውንት በየፊናቸው ባወጡት ጥናት ይህንኑ አስረዱ። ሊትልዉድና ስትሪጂኒ የሰጡት ሕግ ለማንም ይገባል፤ አንድ ፕሮግራም 1,000 ሰዓት ያለ ስሕተት ከሠራና ስለ እርሱ ሌላ ማስረጃ ከሌለን፣ የሚቀጥለውን 1,000 ሰዓት ያለ ስሕተት ለመጨረስ ያለው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ይህም ፕሮግራሙም የሚሠራበት ሁኔታም ያው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ያው ካልሆነስ? በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ 25 የተባለው የካንሰር ሕክምና ጨረር መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ ለ6 በሽተኞች ከመጠን ያለፈ ጨረር ሰጠ፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ከእርሱ በፊት በነበረው መሣሪያ ላይ አደጋ የሚከለክል የብረት መቈለፊያ ነበረ፤ በአዲሱ ላይ ያ ተነሥቶ ጥበቃው ለፕሮግራሙ ብቻ ተተወ። በ1983 የተዘጋጀው የደኅንነት ግምገማ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ የጨረር ኃይል ይመርጣል ለሚለው አደጋ የሰጠው ዕድል ከ100 ቢሊዮን አንድ ነበር። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. ደግሞ አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በተነሣ በ40 ሴኮንድ ገደማ ተበታተነ። ጥፋቱ የመጣው በአሪያን 4 ላይ በደኅና ሲያገለግል ከቈየ ፕሮግራም ነው። አዲሱ ሮኬት ከቀድሞው የፈጠነ ስለ ነበረ ፕሮግራሙ ሊይዘው የማይችል ትልቅ ቍጥር መጣበት። በሁለቱም የድሮው ምስክርነት ለአዲሱ ነገር ተሰጠ።

ሐ፤ ቆሼ፤ ያለፈ ዘመን ምስክርነት

ቆሼ ስሙን ያገኘው ከቆሻሻው ነው። ቦታው ከ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ጥራጊ መጣያ ሆነ፤ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር። ከተማው እያደገ መጥቶ ከበበው። ክምሩ ከ30 ሄክታር በላይ ያዘ፤ በላዩም በጥጉም ቤት ተሠራ። ከቆሻሻው ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው በመሸጥ የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች ኑሯቸው እዚያው ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጣያው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደርጎ ነበር፤ ነገር ግን የሰንዳፋ አካባቢ ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ ብዙ ሳይቈይ እንደ ገና ወደ ቆሼ ተመለሰ።

ቆሼን «ደኅና ነው» ያሰኘው ምን ነበር? ከ50 ዓመት በላይ ቆሞ መኖሩ ነው። ከላይ በተመለከተው ሕግ ብንመዝነው፣ ሌላ ማስረጃ ከሌለ፣ 50 ዓመት የቆመ ነገር ሌላ 50 ዓመት የመቆም ዕድሉ ግማሽ ብቻ ነው። ይህም ለክምሩ የማይገባው ምሕረት ነው፤ ምክንያቱም የ2009ኙ ክምር የ1950ዎቹ ክምር አልነበረም። በየቀኑ መኪናዎች ይጨምሩበት ነበር። እንግዲህ ሳይናድ ያለፈው እያንዳንዱ ቀን በሰዎች ልብ የደኅንነት ምስክር ሆኖ ሲቈጠር፣ ያው ቀን ግን ክምሩን ወደ ውድቀቱ ያቀርበው ነበር። ልማድና እውነት በተቃራኒ መንገድ ይሄዱ ነበር ማለት ነው፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ።

ምልክትም አልጠፋም ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት አነስተኛ መናዶች ደርሰው እንደ ነበረ ነዋሪዎች በወቅቱ ተናግረዋል። ለአንድ ተመራማሪ ትንሹ መናድ የትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው። በየጊዜው ተመዝግቦ የሚመረምረው ሲያጣ ግን «ያን ያህል አልጐዳም» ተብሎ ይረሳል። ቆሼ ካስተማረን ውስጥ ሁለቱን፣ ማለት እያደገ የሚሄደውን ነገርና የተናቀውን ትንሽ ምልክት፣ ይዘን ወደ አይሮፕላኑ እንሂድ።

መ፤ ቱሉ ፋራ፤ ያልታደሰው ልክ

ቦይንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 737 ማክስ የተባለውን አይሮፕላን ሲሠራ ከቀድሞዎቹ የበለጡ ትልልቅ ሞተሮች ከክንፉ ፊት ለፊት ከፍ አድርጎ አስቀመጠ። ይህም በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫው ወደ ላይ እንዲቃና ስለሚገፋው፣ ኤምካስ የተባለ ፕሮግራም በጅራቱ ያለውን አግዳሚ ክንፍ እያዘነበለ አፍንጫውን ወደ ታች እንዲመልሰው ተደረገ። መጀመሪያ በታሰበው ሥራ ኤምካስ ክንፉን በአንድ ጊዜ ማዘንበል የሚችለው እስከ 0.6 ዲግሪ ነበር፤ ለመነሣትም ሁለት ዐይነት ምልክት ይጠብቅ ነበር። በኋላ ግን ሥልጣኑ እስከ 2.5 ዲግሪ አደገ። አይሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን ከሚለካ ከአንድ መሣሪያ በሚመጣ ወሬ ብቻም የሚነሣ ሆነ። ለውጡ ትልቅ ሲሆን ለተቈጣጣሪዎች የቀረቡት የደኅንነት ሰነዶች በሚገባ አልታደሱም። ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ የአቪዬሽን ባለሥልጣኖች ጉባኤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ሳይሆን በዘመናችን፣ በ2019 ጥቅምት፣ ባወጣው ሪፖርት ይህን ጕድለት አመልክቷል።

የስሕተቱ ደረጃ እንዴት እንደ ተወሰነ ማየትም ይገባል። ኤምካስ ያለ ምክንያት ቢነሣ አይሮፕላኑን የሚያጠፋ አይደለም ተብሎ ከዚያ ዝቅ ባለ ደረጃ ተመደበ። ይህ የተባለው አብራሪው በ4 ሴኮንድ ገደማ ችግሩን ዐውቆ ያርመዋል በሚል ግምት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በኋላ ባደረገው ምርመራ፣ የኩባንያው የራሱ የሙከራ አብራሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በማሠልጠኛ መሣሪያ ላይ ችግሩን ለማረም ከ10 ሴኮንድ በላይ እንደ ፈጀበትና ውጤቱም ጥፋት ይሆን እንደ ነበረ ተገልጧል። ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩም ለአብራሪዎች በተሰጠው መጽሐፍ ውስጥ አልተብራራም ነበር። የማያውቁትን ነገር በ4 ሴኮንድ ያርሙታል ብሎ መገመት መለካት አይባልም።

በዚህም ነገር ትንሹና ትልቁ ምልክት ቀድሞ መጥቷል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያ ላየን ኤር አይሮፕላን በአንድ ቀን በረራው ላይ ይኸው ስሕተት ገጠመው፤ በዕድል በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ የነበረ ሦስተኛ አብራሪ ረድቷቸው ዳኑ። በማግሥቱ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ያው አይሮፕላን ከሌሎች አብራሪዎች ጋር ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በኅዳር ወር የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በውስጥ ባዘጋጀው ስሌት፣ ኤምካስ ካልታረመ በማክስ አይሮፕላኖች ዕድሜ ውስጥ ወደ 15 የሚሆኑ ሌሎች አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመተ። ቍጥሩ ተገኝቶ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ማረሚያው እስኪዘጋጅ ድረስ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተልኮ አይሮፕላኖቹ እንዲበሩ ተፈቀደ። ማረሚያው ሳይደርስ መጋቢት 1 ቀን መጣ።

በዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ በረራ 302 ከቦሌ ተነሣ። ወዲያው የግራው ማዕዘን መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ይል ነበር። ሁለት ምስክሮች ይህን ያህል ሲለያዩ አንዱ ሐሰተኛ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል፤ ኤምካስ ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪኩን ማዘዣ ቈርጠው በእጅ ሊመልሱት ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት ግን የእጅ መዘውሩ አልዞር አለ። የኢትዮጵያ የአይሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ የመጀመሪያውን ሪፖርት መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የመጨረሻውን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አወጣ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ ሥራ የሚለው በቂ አይደለም ብለው፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ መለኪያውን ያበላሸው የኤሌክትሪክ ጕድለት ሳይሆን ከወፍ ጋር መጋጨት ነው ብለው ተከራክረዋል። ኤምካስ በአንድ ሐሰተኛ ወሬ ተነሥቶ አይሮፕላኑን ወደ ምድር መግፋቱ ግን አላከራከረም።

እዚህ ላይ የቀደመው ልዩነት ይታያል። ኤምካስ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። በአስተማማኝነት መለኪያ ብቻ ቢታይ ጕድለት የለበትም። ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ከምርመራው ሥራ ብዙውን ለኩባንያው ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ነገሩ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» የሚሉት ሆነ። ማክስ በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገደ። ኤምካስ ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽርና ደጋግሞ እንዳይገፋ ከታረመ በኋላ አሜሪካ ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. እገዳውን አነሣች፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ በረራ መለሰ።

ሠ፤ ባንኩ፤ መቆም የሚችል ነገር

የባንኩ ነገር ሕይወት አላጠፋም። ዐርብ ለቅዳሜ ሌሊት ሰዎች በኤቲኤምና በስልክ ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ መቻላቸውን ዐወቁ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ፈጥኖ ተሰማ፤ በአንዳንድ ግቢዎች በኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በኋላ እንደ ገለጡት በዚያ ሌሊት ወደ 490,000 የሚደርስ ዝውውር ተካሂዷል፤ ያለ አግባብ የወጣውም ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነው። ከውጭ የመጣ የኮምፒዩተር ጥቃት ሳይሆን በማሻሻልና በፍተሻ ሥራ ላይ የተፈጠረ ስሕተት እንደ ነበረ ተነገረ። በሚቀጥሉት ሳምንታት አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ባንኩ ይፋ አወጣ።

ባንኩ ከአይሮፕላኑ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ባንክ ሲጨንቀው ሊዘጋ ይችላል፤ በእርግጥም አገልግሎቱ ለብዙ ሰዓት ተቋረጠ። ደንበኛ ተቸገረ፣ አስተማማኝነቱ ጐደለ፣ ደኅንነቱ ግን በዚያ ተመለሰ። በአየር ላይ ያለ አይሮፕላን መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ማንኛውም የኮምፒዩተር ሥራ ሲገመገም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ይበላሻል?» ሳይሆን «ሲበላሽ የት ይቆማል?» የሚል ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከቆሼና ከኤምካስ ጋር አንድ ነው። ትናንት በደኅና የከፈለው ፕሮግራምና ከማሻሻያው በኋላ የከፈለው ፕሮግራም በስም አንድ ናቸው፤ በሥራ ግን ሁለት ናቸው። የትናንቱ መልካም ስም ለዛሬው ዋስ አይሆንም።

ረ፤ መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከቱት ነገሮች አራት ሐሳቦች ይወጣሉ።

1ኛ፤ የደኅንነት ቍጥር በተነገረ ጊዜ ምን እንደ ተለካ፣ መቼ እንደ ተለካና በምን ሁኔታ እንደ ተለካ አብሮ መጻፍ አለበት። ነገሩ ሲለወጥ ቍጥሩ ይሰረዛል፤ እንደ ገና ይለካል።

2ኛ፤ ሰው ያርመዋል የሚለው ግምት በሰው ላይ ተፈትኖ መታየት አለበት። የሚፈተነውም ነገሩን የሠራው ሊቅ ሳይሆን ደክሞትና ደንግጦ በሥራ ላይ የሚገኘው ሰው ነው።

3ኛ፤ ትንሹ ስሕተት ይመዝገብ፣ ለሌሎችም ይነገር። ከማግሥቱ አደጋ በፊት የነበረው የላየን ኤር በረራና በቆሼ የታዩት ትንንሽ መናዶች ከማናቸውም ስሌት የበለጡ ማስረጃዎች ነበሩ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚባለውም ምልክቱን ለሚመዘግብ ሰው ነው።

4ኛ፤ ለኪው ከሠሪው የተለየ ይሁን። ከሁሉ በላይ አደጋው የሚወድቅበት ሰው ስለ ልኩ የመጠየቅ መብት ይኑረው። በቆሼ ሥር የኖረው ሰው፣ በረራ 302 ላይ የተሳፈረው ሰው፣ ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠው ሰው፣ ሦስቱም ሌላ ሰው በሰጠው ልክ ላይ ተኝተው ነበር።

በቆሼ አጠገብ፣ ረጲ በተባለው ቦታ፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። የዚህ ዐይነት ፋብሪካ ምድጃው፣ እንፋሎቱና ጢሱ የሚጠበቁት በኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ከቆሻሻው ክምር ወደ ኮምፒዩተሩ ለመሻገር ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ በዚያው በአንድ ሰፈር ይገናኛሉ። ነገ መሐንዲስ፣ የባንክ ሹም ወይም ተቈጣጣሪ የሚሆነው ተማሪ «ደኅና ነው» የሚል ወረቀት ፊቱ ሲቀርብ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ ይበቃል፤ ይህ ልክ ከተለካ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለን?